ጉብታው ላይ የቀረው ጾመኛ

«ጋሼ ሙህዲን፣ ከተንቀሳቀስክ ሁለታችንም የጉማሬ ጎረቤት ነን!» አለ መንግሥቴ። ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ጭቃው ውስጥ ተክሎ ባለ በሌለ ጉልበቱ ገፋ። የደንገሏ ታንኳ ከጎንደር መንገድ ዳር ተላቀቀችና ድፍርሱ ውሃ ላይ ተንሸራተተች። ባለፈው ሳምንት ዳጉሳ የቆመበት ማሳ ዛሬ ባሕር ሆኗል።

ሙህዲን መቼ መንቀሳቀስ አማረው! ዋና አያውቅም። ጭኖቹ መካከል በቁርበት የተጠቀለለ የጭነት መኪና ባትሪ ይዞ፣ የሬዲዮ መነጋገሪያውን ሣጥን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው። ከንፈሩማ መቼ አርፎ ያውቃል።

ይህ ሰው ወረታ ገበያ ላይ ጨርቅና ላምባ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ወጣት ሳለ በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ክፍል አገልግሎ ነበር፤ ከተሰናበተ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም። ከመምህር ያየህ ጋር ሆኖ ከተጣለ ወታደራዊ ዕቃ ሦስት መነጋገሪያ ገጣጠመ። አንዱን ራሱ ያዘ፣ አንዱን ለያየህ፣ አንዱን ደግሞ ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ለሚሠራው ለድሬሰሩ ለትሁን ሰጠ። ፈቃዱንም ከአዲስ አበባ አስመጡ። አመሻሽ ላይ ሦስቱ ይጠራራሉ። ምን ያወራሉ? ስለ ዝናብ፣ ስለ ጨው ዋጋ፣ ስለ ምንም። የወረታ ሰው «ከንፋስ ጋር የሚያወሩት» እያለ ይሥቅባቸው ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ነሐሴ የርብ ወንዝ ጥሶ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ ውሃ ሲያለብስ ግን ሣቂው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ተኮለኮለ። ታንኳ ያለው በታንኳ፣ ዋና የሚችል በዋና፣ አገሬው የጠፋውን ሰው ሊፈልግ ወጣ። ትሁን በጉማራ ወንዝ በኩል ያለውን ወሬ ይሰበስባል፤ ያየህ ሙህዲን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማን የት እንደተገኘ፣ ማን የት እንዳልታየ ያገናኛል፤ ሙህዲን መነጋገሪያውን ይዞ ታንኳ ላይ ይወጣል። አንድ በአንድ ሁሉም ተገኙ። አለኸኝ ብቻ ቀረ።

አለኸኝ የገላነሽ ባል ነው፤ ዘንግ የሚገፋው መንግሥቴ ደግሞ የገላነሽ ወንድም። ከብቱ ከጎርፉ ሸሽቶ ወደ ከፍታው ሲነዳ፣ በቅርብ የወለደችው ላማቸው ቦቂት ጥጃዋን ጥላ ወደ ሐይቁ ዳር ሣር ተመለሰች። አለኸኝ «ደርሼ መጣሁ» ብሎ ተከተላት። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ። ገላነሽ ከያየህ አጠገብ፣ ሬዲዮው ሥር፣ ነጠላዋን አገልድማ ተቀምጣለች። እህል አልቀመሰችም። ሰው ባናገራት ቁጥር «ይመጣል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም።

«ሙህዲን፣ ይሰማሃል? ተቀበል» አለ ሣጥኑ።

«እሰማሃለሁ ያየህ! ውሃው እንዴት ያለ መሰለህ፣ እዚህ ጋ የአንድ ሰው ጎጆ ክዳን ሲሄድ አየሁ፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ አንድ አውራ ዶሮ...»

«ወሬ ተው! ስትናገር ባትሪው ያልቃል። ስትሰማ ብዙም አይበላም፤ ስለዚህ ስማ!»

መንግሥቴ ከት ብሎ ሣቀ። ሣቁን ሳይጨርስ ግን ከምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ መጣ።

ዝናብ ብሎ ዝናብ! ነፋሱ ውሃውን ከላይም ከታችም እየወረወረ ዓይን አያስገልጥም። እነሱ ደግሞ ይባስ ብለው ርብ ራሱ የሚሮጥበት መሐል ገብተዋል። ታንኳዋ አፍንጫዋን ወደ ጣና አዞረችና ነጎደች። መንግሥቴ ዘንጉን ቢሰድ መሬት አላገኘም። «ዛፉን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ውሃው ውስጥ እስከ አንገቱ የሰጠመ ግራር እየቀረበ ነው። ሙህዲን ሣጥኑን በአንድ እጁ አቅፎ በሌላው ቅርንጫፉን ጨበጠ፤ እሾሁ መዳፉን በሳው፣ ደሙ ፈሰሰ፤ አለቀቀም። መንግሥቴ ተንጠላጥሎ ገመድ አሰረ። ዝናቡ እስኪያባራ ግራሩን ታቅፈው ቆዩ።

«እጅህን አሳየኝ» አለ መንግሥቴ።

«እጄን ተወው፣ ሣጥኑ ረጥቧል ወይ?»

ሣጥኑ አልረጠበም። ሙህዲን ያን ሲያይ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መዳፉን በጥርሱ በቀደደው ጨርቅ ጠቀለለ።

ገመዱን ፈትተው የግራሩን ረድፍ ተጠግተው ወረዱ። ውሃው ሰከነ። መሬት በዘንጉ መነካት ጀመረ፤ ሁለቱም ተነፈሱ። መንግሥቴ የስንቁን ከረጢት ሊፈታ ጎንበስ ባለበት፣ ታንኳዋ ከሥሯ አንዳች ነገር የተነሣ ይመስል ሽቅብ ወጣች። ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ጀርባ። ከሐይቁ ጎርፍ ያወጣው ጉማሬ ነው።

«አትተንፍስ!» አለ መንግሥቴ በሹክሹክታ።

ጉማሬው ጭንቅላቱን አወጣ፤ ጆሮዎቹን አራገፈ፤ አፉን ከፈተ። እንዲህ ያለ አፍ ሙህዲን በዘመኑ አላየም። የታንኳዋን ጫፍ አንዴ ነከሰና ሲነቀንቃት ከረጢቱ፣ ትርፉ ዘንግና የመንግሥቴ ጋቢ ውሃ ውስጥ ገቡ። መንግሥቴ በቀረው ዘንግ አፍንጫውን ወጋው። ጉማሬው አጉረመረመ፣ ሰጠመ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ ብቅ አለ። የተነከሰችው የታንኳ ጫፍ ደንገሉ ተበጥሶ ተንጠለጠለ።

«ቆሎው!» አለ ሙህዲን።

«ቆሎው ለሱ ይሁን። ነፍሳችንን ትቶልናል» አለ መንግሥቴ።

ከዚያ ጭጋጉ ወረደ። ዝናብ ያባረረውን ሙቀት ጭጋግ ይተካዋል፤ የፎገራ ክረምት እንዲህ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ወዲያ ምንም አይታይም። «አለኸኝ!» ብለው ተጣሩ። ጸጥ። ደግመው ተጣሩ። አንዳች የለም። ወዴት እንደሚገፋ መንግሥቴም ግራ ገባው።

ሙህዲን የአንቴናውን ሽቦ በዘንጉ ላይ ሰቀለና ሬዲዮውን ከፈተ። «ወረታ፣ ጠፍተናል። ብንጣራም የሚመልስልን የለም። ተቀበል።»

 ከዚያ የሴት ድምፅ ገባ። ገላነሽ ነበረች፤ ያየህን ገፍታ መነጋገሪያውን ነጥቃለች። «ሙህዲን ወንድሜ፣ እሱ ድምፁ ዘግቶ ይሆናል። ላሚቱን ጥሯት!»

«ላሚቱ እኔን የት ታውቀኛለች?»

«እንግዲያው እኔ ልጥራት! እናቷ ስትሞት በእጄ ነው ያሳደግኋት፣ ድምፄን ታውቃለች። ያ ዕቃህ ይጮኻል?»

ሙህዲን ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። በዚያ ጭጋግ ውስጥ፣ ባዶ ውሃ ላይ፣ የገላነሽ ድምፅ ተለቀቀ። «ነይ ቦቂት! ነይ እናቴ! ነይ፣ ነይ፣ ነይ...» መንግሥቴ ጸጉሩ ቆመ። እህቱ ከጎኑ የቆመች ያህል ነው።

ሙህዲን ሬዲዮውን ዘጋ። ሁለቱም ጆሯቸውን ቀሰሩ። እና ከግራ በኩል፣ ከሩቅ፣ ረጅም የላም እምቧታ መጣ።

«እሷ ናት!» ብሎ መንግሥቴ ዘንጉን ተከለ። እንዴት ገፋ! ላሟ ደጋግማ ጮኸች፤ እነሱም ድምፁን ተከትለው በረሩ። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ዋርካ ያለበት ጉብታ ወጣ፤ ዋርካው ሥር ግንባረ ነጯ ቦቂት ቆማለች፤ እግሯ ሥር የተጋደመ ሰው አለ። ያልጠበቁት ደግሞ ሌላ ታንኳና ሁለት ጎልማሶች ነበሩ። አንደኛው የቦቂት ቀንድ ላይ ገመድ አስገብቷል።

እነዚህ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ባለቤት ያጣ ከብት እየለቀሙ ሩቅ ገበያ ወስደው የሚሸጡ ናቸው። እምቧታውን እነሱም ሰምተው ቀድመው ደርሰዋል።

«እንኳን መጣችሁ» አለ ገመድ ያዡ፣ ግራ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ ሰው። «ሰውየውን እናንተ ውሰዱ። ላሚቱን እኛ አግኝተናታል።»

«ባለቤቷ እግሯ ሥር ተኝቶ አገኘናት ትላለህ? አታፍርም?» አለ መንግሥቴ ወደ ጉብታው እየዘለለ።

ሁለተኛው ሰው ዱላውን አነሣ። መንግሥቴም ዘንጉን። አለኸኝ ከመሬት ቀና ሊል ሞክሮ ወደቀ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ ድምፁም በጩኸት አልቆ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶለታል። «ላሚቱን... አልሰጥም» አለ።

ሙህዲን ዱላ የለውም፣ ጠብም አይችልም። የሚችለውን አደረገ። አንቴናውን ዋርካው ላይ ወረወረና መነጋገሪያውን አነሣ። «ወረታ! አለኸኝ በሕይወት አለ! ቦቂትን ሊወስዱ የመጡ ሁለት ሰዎችም አሉ። መልካቸውን ልንገርህና አስታውቅ። አንዱ ቀይ፣ ረጅም፣ ግራ ጆሮው ጫፉ የተቆረጠ። ላሚቱ ጥቁርና ነጭ፣ ግንባሯ ነጭ። ተቀበል።»

ከሣጥኑ መጀመሪያ የገላነሽ እልልታ፣ ቀጥሎ የያየህ ድምፅ ወጣ። «የወረታ ገበያ አሁኑኑ ያውቃል! ሐሙሲት፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ትሁን ከሐሙሲት። «እዚህም እንናገራለን። ወደ አንበሳሜ ገበያም መኪና ሊነሣ ነው፣ ሹፌሩን እነግረዋለሁ። የት ሊሸጧት ነው? እስቲ እናያለን!»

ገመድ ያዡ ሣጥኑን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ የተቆረጠ ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። «ይህ ዕቃ እኛን ነው የሚያማው?» አለ።

«በሦስት ገበያ» አለ ሙህዲን።

ሰውየው ገመዱን ጣለ። «እናንተ ደግሞ፣ ልንረዳ ብንመጣ!» እያለ ታንኳው ላይ ወጣ፤ ጓደኛውም ተከተለው። ጭጋጉ ሲውጣቸው መንግሥቴ እንባው እስኪመጣ ሣቀ። ሙህዲን ግን የባትሪውን አቅም የሚያሳየውን መርፌ ተመልክቶ አልሣቀም።

የአለኸኝ ከንፈር ጠቁሯል፤ ገላው እንደ ጎርፉ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ትሁን ባጭሩ መከረ። እግሩን በሁለት እንጨት መሐል እሰሩ፤ ሞቅ ያለ ነገር አቅምሱት። «እንዲህ ሆኖ ባዶ ሆዱን ውሃ ላይ ካወጣችሁት ወረታ አይደርስም። ላሚቱ ትታለባለች አይደል? ወተት አጠጡት!»

ምን ችግር አለ? የቦቂት ጡት ሞልቶ ተወጥሯል። መንግሥቴ የታንኳዋን ውሃ መጭለፊያ ቅል አጥቦ አለበ። አረፋው የሚጨስ ወተት ወደ አለኸኝ አፍ አስጠጋ። አለኸኝ ፊቱን አዞረ።

«ፍልሰታ ነው» አለ።

ሙህዲን የሰማውን ማመን አቃተው። «ምን አልክ?»

«ጾም ነው። አልጠጣም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ላም አጠገብህ አቁመህ በረኀብ ልትሞት ነበር? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ድርቅና አይቼ አላውቅም! ጠጣ ሰውዬ! ሚስትህ እዚያ ትጠብቅሃለች!» ሙህዲን ጮኸ። መንግሥቴ ግን አልጮኸም፤ ቅሉን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ ሙህዲን፣ እሱ እሺ ሳይል እኔ በግድ አላጠጣውም» አለ።

አለኸኝ ዓይኑን ጨፍኖ ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣ። «ጎርፉ ያመጣው ግንድ እግሬን ሲሰብረኝ ‹እመቤቴ› ብዬ ጠራሁ። ውሃው ይወስደኝ ነበር፤ እዚህ ጉብታ ላይ ያወጣችኝ እሷ ናት። ያዳነችኝ እሷ፣ ጾሙ የሷ። አወጣችኝ ብዬ በጾሟ ወተት ልጠጣ?»

  ሙህዲን መነጋገሪያውን አነሣ።

«ያየህ፣ የነፍስ አባቱ ማን ናቸው?»

ገላነሽ ናት የመለሰችው፤ ድምፅዋ ይርገበገባል። «መምሬ አያልነህ ናቸው።»

«ሩጡና አምጧቸው። ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ እስኪመጡ እዘጋለሁ።»

ዘጋ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ። መንግሥቴ አለኸኝን ከኋላው አቅፎ ተጋደመ። ሙህዲን ኮቱን አውልቆ አለበሰው፤ የሰውየውን እግሮች ሸሚዙ ውስጥ አስገብቶ ሆዱ ላይ አሳረፋቸው። ብርዱ አንጀቱ ድረስ ዘለቀው። ሬዲዮ የለ፣ ወሬ የለ። የሚሰማው የአለኸኝ እስትንፋስ ነው፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ የቆመ ይመስላል። በቆመ ቁጥር የሙህዲንም ልብ አብሮ ይቆማል። «አይሙትብኝ፣ አላህ» አለ በልቡ፤ አምርሮ ለመነ።

ሬዲዮውን አንዴ ከፈተ፤ የለም። ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። «...መነጋገሪያው ይኼ ነው? እዚህ ጋ ነው የምናገረው?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሣጥኑን ሞላው።

«መምሬ! ይናገሩ!» አለ ሙህዲን።

«ልጄ አለኸኝ፣ እኔ አያልነህ ነኝ። ሕመምተኛ ነህ። ጾሙን ፈትቼልሃለሁ። ወተቱን ጠጣ።»

አለኸኝ ዓይኑን ገለጠ። ሣጥኑን አየው። «ሣጥን ጾም ይፈታል እንዴ? ሰይጣን በስንት መልክ ይመጣል። የነፍስ አባቴ ከሆኑ፣ በሁዳዴ የተናዘዝኩትን ይንገሩኝ» አለ።

ሙህዲን ይህንኑ አስተላለፈ። መርፌዋ ወደ ታች ወርዳለች። ይናገሩ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?

«ምን!» አሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ሣጥኑን አንቀጠቀጠው። «ኑዛዜህን ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት እንድዘራው ነው? አንተ ባለጌ! ብትሞትም አልናገር፣ ብሞትም አልናገር!»

ሙህዲን «አለቀልን» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። አለኸኝ ግን ፈገግ አለ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ፈገግታ ነው።

«እሳቸው ናቸው» አለ። «ሰይጣን ቢሆን ይዘከዝከው ነበር። ቅሉን አምጣው።»

ጠጣ። መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ ጉንጭ ሙሉ፣ ከዚያ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ። መንግሥቴ ደግሞ አለበለት። ሙህዲን «ጠጣ...» ከማለቱ ሣጥኑ ጭጭ አለ። ባትሪው ሞተ። ወረታ «ጠጣ» የሚለውን ቃል ይስማ አይስማ አላወቀም።

ቀትር ላይ ጭጋጉ ተገፈፈ። አለኸኝ ፊቱ ወዝ ሲያገኝ ታንኳዋ ላይ አጋደሙት። ታንኳዋ ግን ጫፏ ተነክሷል፤ ሦስት ሰውና ያን ሁሉ ብረት ልትሸከም አልቻለችም። መንግሥቴ ሙህዲንን አየ፣ መጠየቅ ግን ከበደው። ሙህዲን ራሱ ባትሪውንም ሣጥኑንም ተሸክሞ ወጣና ዋርካው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ አሰራቸው። ሣጥኑን አንዴ በመዳፉ ዳበስ አደረገው። «እንሂድ» አለ።

ቦቂት ከነሱ ቀድማ ውሃ ገባች። የፎገራ ላም ዋና ማን አስተማራት አይባልም፤ ቀንዷን ከፍ አድርጋ፣ ጥጃዋን ወደተወችበት አቅጣጫ ቀጥ ብላ ትዋኛለች። ርብን ስትሻገር የት ጋ ሰከን እንደሚል እሷ መረጠች፤ እነሱ ተከተሏት። መንግሥቴ ዘንጉን መግፋት፣ ሙህዲን በቅሉ ከታንኳዋ ውሃ መጭለፍ፤ ክንዳቸው ዛለ፣ ጀርባቸው ተቆረጠ። 

ጎንደር መንገድ ዳር ሕዝቡ ቆሟል። ወረታ ከ«ጠጣ» በኋላ ምንም አልሰማም ነበር። መጀመሪያ ከውሃው የወጣችው ቦቂት ናት፣ ብቻዋን። ገላነሽ ላሟን አየቻት፣ ከኋላዋ ባዶ ውሃ አየች፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከደንገሉ ጥግ ታንኳዋ ብቅ አለች። ገላነሽ ተነሥታ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ሮጠች። ባሏን በሁለት እጇ ፊቱን ይዛ «አንተ የማትሰማ! አንተ የማትሰማ!» እያለች ሳመችው፤ አለቀሰች፣ ሣቀች፣ መታችው፣ መልሳ ሳመችው።

በቃሬዛ ሲያወጡት አለኸኝ መምሬ አያልነህን ፈለገ። «አባቴ፣ የፈታሁትን ጾም በምን እክሳለሁ?»

«አንተማ ትድናለህ፣ ሌላ ሥራ የለህም» አሉ መምሬ። «የፈታሁልህ እኔ ነኝ። ከበዓሉ በኋላ ሦስት ቀን እኔ እጾምልሃለሁ።»

ሙህዲን ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። እርጥብ ነው፣ ሸሚዙ ተቀዷል፣ መዳፉ አብጧል። «መምሬ፣ አንዷን ቀን ለኔ ይተዉልኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። መምሬ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «አንተ የኛ ጾም ውስጥ ምን አገባህ?»

«እኛም ጾም አለን መምሬ። እኔ ጉብታው ላይ ጮኼበታለሁ፣ ድርቅና ነው ብዬዋለሁ። ደግሞ ረኀቡ ያው አንድ ነው።»

 መምሬ ትከሻውን መታ አድርገው «እንግዲያው ሦስተኛዋን ውሰድ። እኔ እስከዚያ ይደክመኛል» አሉ።

የፍልሰታ ጾም ተፈታ፤ መምሬ ሁለቱን ቀናቸውን ጾሙ። በሦስተኛው ቀን ሙህዲን ሱቁን ከፍቶ፣ ጨርቁን እየለካ፣ ምንም ሳይቀምስ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገላነሽ በክዳን የተሸፈነ ቅል ይዛ መጣች።

«በል ጠጣ። የቦቂት ነው፤ አሁን የታለበ። የኛ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚፈታው» አለች።

«የኛ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው» አለ ሙህዲን። «አንቺ ሂጂ፣ ባልሽ ብቻውን ነው። እኔ እጠብቃለሁ።»

ገላነሽ ፀሐይዋን አየች፤ ገና ከጣና ላይ ከፍ ብላለች። ቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ሰበሰብ አድርጋ በሩ ላይ ካለው የዱካ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

«አብረን እንጠብቃለን» አለች።